ሣር ተይዞ የመጣ ውህደት

ዓለሚቱ ኦይታ ስትቆጣ ድምፅዋ አይጨምርም፤ ይቀንሳል። ይህን የአርባ ምንጭ፣ የሲቀላ ሰፈር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ገበያ መሃል ስትጮህ የሰማት «ዛሬስ ደስ ብሏታል» ብሎ ያልፋል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቃል በቃል እየለቀመች ስታወራ ግን ባጃጁን ዳር አስይዞ የሚወርድ አለ፤ የሚመጣው ነገር እንዳያመልጠው!

አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። አጭር ናት፣ ደልደል ያለች፣ ክንዷ የወንድ ክንድ የሚያህል። ያ ክንድ በከንቱ አልመጣም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ከኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ እየገዛች በአይሱዙ ስታስጭን ኖራለች፣ ጫኝ ሲያጥርም ራሷ ተሸክማለች። ወገቧ እምቢ ሲላት የሙዝ ሚዛኗን ሸጠች። ሸጣ ምን ገዛች? ሱቅ ከፈተች እንዳትሉ። አንድ አሮጌ የቪዲዮ ጌም ማጫወቻና ጀርባው ያበጠ አንድ ቴሌቪዥን ገዝታ ከመናኸሪያው ጀርባ ጌም ቤት ከፈተች!

የቤተ ክርስቲያን እህቶቿ ጉድ አሉ። «ዓለሚቱ፣ ጌታን የምታውቂ ሴት! የጆይስቲክ ነገር ምንድነው?»

«ዳዊት ድንጋይ ሲወነጭፍ ጣቱን ሳያፍታታ ነው?» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ የጠየቃት የለም።

ዛሬ ስድስት ቴሌቪዥን አላት። ሕጓ በበሩ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም ለብሶ መግባት የለም፣ ስድብ የለም፣ ቁማር ደግሞ ፈጽሞ የለም። የተበላሸውን ጆይስቲክ ራሷ ፈትታ ትሠራለች። ሰው ሲያጥር ደግሞ ራሷ ትጫወታለች። ያውም እንዴት ትጫወታለች! የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አምስት ለዜሮ አሸንፋ «በል ሂድ አሁን አጥና» ብላ የሸኘች ሴት ናት።

ቤቷን የሞላው «የሰፈር ሜዳ» የተባለው ጨዋታ ነው። ጥድፊያ ጌምስ የሚባል የአገር ውስጥ ድርጅት የሠራው የእግር ኳስ ጌም ነው፤ የባርሴሎናን ነገር ትቶ የገዛ ሰፈራችንን ያጫውታል። ሲቀላ ከሴቻ፣ ጨንቻ ከሳውላ ይገጥማሉ። ጎል ሲገባ አስተላላፊው በአማርኛ እየጮኸ ያብዳል። ከአሥር ሰው ዘጠኙ ዓለሚቱ ቤት የሚመጣው ለዚህ ጨዋታ ነው። ጨዋታው የሚከፈተው ደግሞ ድርጅቱ በየወሩ ለየጌም ቤቱ በሚልከው የመክፈቻ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከቀረ ጨዋታው ቀረ፤ ጨዋታው ከቀረ ስድስቱ ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጥቁር መስታወት ነው።

ነገሩ በዚህች ቁጥር ተጀመረ።

አንድ ጠዋት ጋሻዬ ገባ። ጋሻዬ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጌም ቤት ባለቤት ነው፤ ደንበኛ ይነጣጠቃሉ፣ መብራት ሲጠፋ ግን ከአንድ ጄኔሬተር ይቀዳሉ። ስልኩን ከፍ አድርጎ ማስታወቂያ አነበበላት። በየከተማው ቆዳ ወንበርና ቀዝቃዛ አየር ያለው ትልልቅ የጌም አዳራሽ የሚያቆመው ሰገነት መዝናኛ ጥድፊያ ጌምስን ሊጠቀልለው ነው። የንግድ ውድድር የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ውህደቱን እየመረመረ ነው። ተቃውሞ ያለው በሠላሳ ቀን ያቅርብ፤ ባለሙያዎችም አርባ ምንጭ መጥተው ሐሙስ ሴቻ አዳራሽ ውስጥ ሰው ያነጋግራሉ።

«ሰገነት ባለፈው ዓመት ሴቻ የከፈተው ነው?»

«እሱው ነው። ድርጅቶቹ በማመልከቻቸው ያሉትን ስሚ፤ ‹የሰፈር ሜዳ ለሁሉም ጌም ቤቶች እንደ ቀድሞው ክፍት ሆኖ ይቀጥላል›።»

«እንዲያ ከሆነማ ይጋቡ፤ ምን አገባኝ» አለችና ወደ ጆይስቲኳ ተመለሰች።

ምን አገባኝ ያለችው እስከ ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ይበልጣል መጣ።

ይበልጣል የሰገነት የአካባቢው ወኪል ነው። ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው፤ ጫማው ያብለጨልጫል፣ ሰላምታው ረጅም ነው። የእናትሽ ጤና፣ የልጆችሽ ጤና፣ የዘንድሮ ሙዝ፣ አንድም አላስቀረ። ከዚያ አንድ ወረቀት ዘረጋ። «እኛ የጌም ቤት ባለቤቶች ውህደቱን እንደግፋለን» ይላል። ከታች የጋሻዬ ፊርማ አለ።

«እትዬ ዓለሚቱ፣ እዚች ጋ ብቻ።»

«ካልፈረምኩስ?»

ይበልጣል ግራ ቀኙን አየ። ከአንድ ሁለት ተጫዋች በቀር ሰው የለም። ጎንበስ አለ። «እንደ እህቴ ስለማይሽ ልንገርሽ። ከመስከረም በኋላ የመክፈቻ ቁጥር ከእኛ ውጭ ላለ ጌም ቤት አይላክም። ጨዋታው በእኛ አዳራሽ ብቻ ነው የሚከፈተው። አሁን ከፈረምሽ ግን ቤትሽን በእኛ ስም እናደርግልሽና አንቺ ሥራ አስኪያጅ ትሆኛለሽ።»

«በገዛ ቤቴ?»

«በገዛ ቤትሽ!» አለ ደስ ብሎት። የምሥራች የነገራት መስሎታል።

ዓለሚቱ ድምፅዋ ወረደ። «ለመንግሥት ‹ለሁሉም ክፍት ነው› ብላችሁ አልጻፋችሁም?»

«ኧረ እትዬ፣ እሱማ ወረቀት ነው።»

ወረቀት ነው! የአባቷ የኦይታ አትክልት ፊቷ ድቅን አለ። ኩልፎ ዳር፣ ከላይ በኩል የሙዝ አትክልት የነበረው አንድ ጎረቤት የመስኖ ቦዩን በር እንዲይዝ ተሾመ። «ውሃው የሁላችንም ነው» ብሎ በሰው ፊት ማለ። በዓመቱ የእሱ ሙዝ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠጣ የእነ ኦይታ ተራ የቀትር ፀሐይ ላይ ሆነ፤ ውሃው መንገድ ላይ አልቆ፣ ጭቃ እየላሰ ነበር የሚደርሳቸው። አባቷ አንድም ቀን አልተጣላም። አንድም ቀን! «ተዉ፣ ተራ ነው» እያለ ሙዙ እግሩ ሥር ደረቀ። ዓለሚቱ ለሙዙ ሳይሆን ለዚያ «ተዉ» እስከ ዛሬ ትናደዳለች።

እና እጇ ላይ የነበረው ጆይስቲክ ተወረወረ።

ሙዝ ሲጭን የኖረ ክንድ ነው፤ አልሳተም። ይበልጣል ግንባሩን ይዞ ወደ ኋላ ሲሄድ አግዳሚ ወንበር ጠልፎት ተቀመጠ። ተጫዋቾቹ ጨዋታውን አቁመው አጨበጨቡ። እሷ ግን አላጨበጨበችም። ድምፅዋን ከነበረው ይበልጥ ዝቅ አድርጋ «ወረቀትህን ይዘህ ውጣ» አለችው።

ጋሻዬ ጫጫታውን ሰምቶ ሲሮጥ መጣ። «ምን ነካሽ? ሰው ይፈነከታል እንዴ?»

«አንተ ዝም በል! ከመስከረም በኋላ ቁጥር እንደማይሰጡ ነግሮሃል ወይ?»

ጋሻዬ መሬት መሬት አየ። «ነግሮኛል። ሥራ አስኪያጅ ትሆናለህ ብሎኛል።»

«የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል። እየላስክ ነው፣ ጋሻዬ። ላስ!»

በዚያው ቀን ተቃውሞዋን በእጇ ጻፈች። ፊደሏ ትልልቅ ነው፣ መስመር አይጠብቅም፤ ሐሳቧ ግን ቀጥ ያለ ነው። «የቦይ በር የሚይዝ ሰው የራሱ አትክልት ካለው የጎረቤቱ መድረቁ አይቀርም። ሰገነት አዳራሽ አለው። አሁን ጨዋታውንም ሊይዝ ነው። ለእናንተ ክፍት ነው ብሎ ጽፎ ለእኔ ዝግ ነው ብሎ በአፉ ነግሮኛል። የነገረኝ ሰው ስሙ ይበልጣል ነው።» ፎቶ አስነስታ ለመሥሪያ ቤቱ ላከችው። «ደርሶናል፤ ሐሙስ በቃል ያስረዱ» የሚል መልስ መጣላት።

ሐሙስ ሴቻ አዳራሹ ሞላ። ከፊት ጠረጴዛ ላይ መክሊት የምትባል፣ ከአዲስ አበባ የመጣች ቀጭን ባለሙያ ኮምፒውተሯን ከፍታ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። ይበልጣል ግንባሩ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፎ በአንደኛው ረድፍ ተቀምጧል። ፕላስተሩ ከቁስሉ ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ጋሻዬ ከኋላ በሩ አጠገብ ነው፣ ማምለጫውን ይዞ።

ስሟ ሲጠራ ዓለሚቱ ተነሣች። ጉሮሮዋን ጠርጋ «የተከበራችሁ…» ከማለቷ በሩ ተከፈተ።

አራት ሽማግሌዎች ገቡ። ከፊት ጋሽ ዳና ናቸው። የጋሞ አገር ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው አስታራቂ፣ የዓለሚቱን የራሷን ሠርግ የመረቁ ሰው። አራቱም በእጃቸው ርጥብ ሣር ይዘዋል። አንድ ቃል ሳይናገሩ በመተላለፊያው መጡ፣ ፊቷ ሲደርሱ ተንበረከኩ።

 አገሩን የማያውቅ ካለ ይወቀው፤ ሽማግሌ ርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ጠብ ያበቃል። ቆመጥ ይዞ የመጣ ቆመጡን ይጥላል፣ ደም ያለበትም እጁን ያወርዳል። የለም ማለት ጎሜ ነው፤ ጎሜ ደግሞ በሠራው ሰው ብቻ አያበቃም ይላሉ፣ በልጅም በከብትም የሚመጣ በደል ነው። ዓለሚቱ ጸሎተኛ ፕሮቴስታንት ናት፣ ጎሜን አልፈራም ትላለች። ግን ሰማንያ ዓመት የሞላው ጉልበት በሲሚንቶ ላይ ሲያርፍ ቆሞ የሚያይ የጋሞ ሰው አልተወለደም።

«የኤፍሬም እናት» አሉ ጋሽ ዳና፣ በበኩር ልጇ ስም እየጠሯት፣ «ይህን ልጅ ይቅር በይው። አስቀይሞሽ ፈንክተሽዋል። በቃ በይን።»

ዓለሚቱ ይበልጣልን አየችው። አንገቱን ደፍቷል፤ ግን የከንፈሩ ጫፍ አልተደፋም። ያኔ ገባት። ደሟ ፈላ! የሰው አገር ባህል አጥንቶ፣ ሽማግሌ ለምኖ፣ ተቃውሞዋን ጠብ አስመስሎ ነው የመጣው። ለጠብ ደግሞ ሣር አለ።  ምን ታድርግ? የእኒህን ሰው ጉልበት ረግጣ ትለፍ?

«ተነሡ፣ አባቶቼ» አለች ጥርሷን ነክሳ። «ይቅር ብያለሁ።» ከጋሽ ዳናም እጅ ሣሩን ተቀበለች።

ሰው አጨበጨበ። ይበልጣል ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ተነሣ። «ክብርት ባለሙያ፣ ቅሬታው በዕርቅ ስለተዘጋ ተቃውሞዋን እንዳነሣች በቃለ ጉባኤው ይመዝገብልን!»

መክሊት ጣቷን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣች። ግራ ተጋብታለች። «እትዬ ዓለሚቱ፣ እርስዎ ራስዎ ቢነግሩኝ ይሻለኛል። ተቃውሞዎን አንስተዋል?»

አላነሣሁም ብትል ሣር ይዛ ዕርቅ አፍራሽ ልትባል ነው። አንስቻለሁ ብትል መስከረም ሲያልፍ ስድስቱ ቴሌቪዥን ይጨልማል። ከኋላ አንድ ሰው «ይቅር ብለሽ የለ? ተይው እንግዲህ!» አለ።

ተይው! ከዚህ ሁሉ ቃል መርጦ ያችን የአባቷን ቃል!

ዓለሚቱ ወደ ባለሙያዋ አልዞረችም። ወደ ጋሽ ዳና ዞረች። ድምፅዋ በጣም ዝቅ አለ፤ ከኋላ የተቀመጡት ለመስማት ብድግ ብድግ አሉ።

«ጋሽ ዳና፣ ይህ ዕርቅ ነው?»

«ዕርቅ ነው፣ ልጄ።»

«ዱቡሻ ላይ ዕርቅ ሲሆን፣ ሰው በተሰበሰበበት አደባባይ፣ የተጣላው ሁሉ ጥፋቱን በአፉ ሳይናገር ያልቃል?»

ሽማግሌው ከኋላቸው ያሉትን ሦስቱን አዩአቸው። «አያልቅም። እውነቱ ካልወጣ ሣሩ ይደርቃል።»

«እንግዲያው እኔ ልጀምር። ማክሰኞ ዕለት ይህን ሰው በጆይስቲክ ፈንክቼዋለሁ። ጥፋት ነው። ሰው ይመታል እንዴ? በጌታ ፊትም በእናንተም ፊት በድያለሁ።» ሣሩን ወደ ይበልጣል ዘረጋችለት። «አሁን የአንተ ተራ ነው። ያዝና ምን ብለኸኝ እንደመታሁህ ተናገር።»

ይበልጣል ሣሩን ሳያስበው ተቀበለ። 

«ልጄ» አሉ ጋሽ ዳና፣ «አንተ ለእኛ ስትነግረን ‹በቀልድ አስቀይሜያት መታችኝ› ነው ያልከን። ቀልዱን ተናገራ።»

«ጋሼ፣ እሱን እንኳ ለብቻችን…»

«ለብቻችን ዕርቅ የለም!» ጋሽ ዳና ተቆጡ። የእሳቸው ቁጣ ደግሞ እንደ ዓለሚቱ አይደለም፤ አዳራሹን አናወጠው። «በሰው ፊት አንበርክከኸናል፤ በሰው ፊት ተናገር! እኛን የቀልድ አስታራቂ ልታደርገን ነው?»

«እኔ ልናገር» አለች ዓለሚቱ፣ «ውሸት ካለበት አንተ አርመኝ። ከመስከረም በኋላ የመክፈቻ ቁጥር ለእኛ አይላክም፣ ጨዋታው በሰገነት አዳራሽ ብቻ ነው የሚከፈተው ብሎኛል። ማመልከቻው ላይ ለሁሉም ክፍት ነው የተባለውስ ስለው ‹እሱማ ወረቀት ነው› አለኝ።»

«አንተ ሰው» አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ፣ «እንጀራዋን ልትነጥቅ መጥተህ ነው እኛን ሣር ያስያዝከን? በድለሃታል! ክፉ ሰው ነህ!»

አራቱም በአንድ አፍ ወረዱበት። አያድርስ ነው! ይበልጣል መቶ ሰው ፊት ክፉ መባልን አልቻለውም፤ ስሙን ለማዳን አፉ ቀደመው።

«እኔ ምን በደልኩ? ከኪሴ ያወጣሁት ነገር አይደለም! እኔ የታዘዝኩትን ነው የነገርኳት! ከዋናው መሥሪያ ቤት ለወኪሎች ሁሉ በተላከው ደብዳቤ ላይ ያለውን ነው የተናገርኩት! እኔ በግሌ ምንም…»

ምን እንዳመለጠው ዘግይቶ ገባው። ሣሩ እጁ ላይ ነው። ከግንባሩ ላይ የፕላስተሩ አንድ ጫፍ በላብ ተላቀቀ።

የመክሊት ጣቶች መተየብ ጀመሩ።  ጨርሳ ቀና አለች። «አቶ ይበልጣል፣ ለወኪሎች ተላከ ያሉት ደብዳቤ ከማመልከቻው ጋር አልቀረበልንም። ቅጂው አለዎት?»

«እሱ… የውስጥ ጉዳይ…»

«በጽሑፍ እንጠይቃለን። እሱን ሳናይ ምርመራው አይዘጋም።» ወደ ዓለሚቱ ዞረች። «እትዬ፣ ጥያቄዬ እንዳለ ነው። ተቃውሞዎስ?»

«ከሰውዬው ጋር ታርቄያለሁ፤ ያንን ጻፊው። ተቃውሞዬን ግን አላነሣሁም። ስሚኝ ልጄ፣ ሰውዬው ነገ ሌላ ሥራ ይይዛል። ጨዋታውን የያዘው አዳራሹንም ከያዘ ግን ሣር ይዘን የምንንበረከክለት ሰው እንኳ አናገኝም።» ድምፅዋ አሁንም ከፍ አላለም። «አንብቢልኝ፤ እንዴት ጻፍሽው?»

መክሊት አነበበች። «ተቃውሞ አቅራቢዋ ከወኪሉ ጋር ያላቸውን ግላዊ አለመግባባት…»

«አለመግባባት አይደለም፤ ፈንክቼዋለሁ። እንዳለ ይጻፍ። የእኔን ሸፍነሽ የእነሱን ብትገልጪ ማን ያምነኛል?»

እንዳለ ተጻፈ። ዓለሚቱ በትልልቅ ፊደሏ ፈረመች። ያን ጊዜ ከበሩ አጠገብ ጋሻዬ እጁን አወጣ። «እኔም የምናገረው አለኝ» አለ፣ ላብ በላብ ሆኖ። «የድጋፍ ፊርማዬን ላነሣ ነው። ለእኔም እንደዚያው ብሎኛል።» ከእሱ ቀጥሎ ከጨንቻ የመጡ ሁለት የጌም ቤት ባለቤቶች ተነሡ። ጉዳዩ ገና ሳምንታት ይፈጃል፤ ውህደቱ ይፈቀድ ይከልከል ያን ቀን የሚያውቅ አልነበረም። የዓለሚቱ ቃል ግን መዝገብ ውስጥ ገብቷል፣ ማንም ሣር ይዞ አያወጣውም።

ሰው ሲበተን ይበልጣል ወደ መኪናው ሊሾልክ ነበር። ጋሽ ዳና ክንዱን ያዙት። «ወዴት? የታረቀ ሰው ከአንድ ሳህን ሳይበላ አይለያይም።»

«ጋሼ፣ ምግብ አልፈልግም።»

«እኔስ መች ፈለግሁ!» አለች ዓለሚቱ። ግን ሥርዓት ሥርዓት ነው።

ከአዳራሹ በታች ካለው ምግብ ቤት ተቀመጡ። የአባያ ዓሣ ተጠብሶ ከዳጣ ጋር መጣ፤ አገር የሚያቃጥለው የጋሞ በርበሬ ነው። አራቱ ሽማግሌዎች ዙሪያውን ከበው ይጠብቃሉ፤ አንዳቸውም ለይበልጣል ፊት አልሰጡትም። ዓለሚቱ ዓሣውን በእንጀራ ጠቀለለች፣ ዳጣው ውስጥ አገላበጠችው፣ ደግማ አገላበጠችው። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ይባላል። ይህችኛዋ ጉርሻ ፍቅር የሚባል አልነካካትም፤ ማስጨነቁን ግን ታውቅበታለች።

«ክፈት» አለችው በዚያች ዝቅተኛ ድምፅዋ።

ይበልጣል ሽማግሌዎቹን አየ። ሽማግሌዎቹ እሱን አዩት። አፉን ከፈተ።